ጣቢታ የማትጠራው ውሃ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የማስተምራቸውን ልጆች ይዤ ሎምባ ፏፏቴ ሄጄ ነበር። ያስጎበኘን ወጣት ጢሙን ገና በቅጡ ያላበቀለ ቢሆንም የወሬ ችሎታ አልጎደለበትም። ልጆቹን አፋፉ ላይ ባለው የእንጨት አጥር ደረደራቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ ውሃ ድምፃቸው ያማረ ልጃገረዶችን እንደሚመርጥ ነገራቸው። የተመረጠችው ልጅ መጀመሪያ የምታጣው የውሃውን ስም ነው አለ። ሎምባ ማለት ያቅታታል። ከዚያ በ"ሎ" የሚጀምር ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ከአፏ ይሸሻል፤ ሎሚ እንኳ ማለት አትችልም። ይህ እንግዲህ ከአያት ቅድመ አያቶቻችን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው ብሎ ንግግሩን ዘጋ።

ተማሪዎቼ ወዲያው "ሎሚ፣ ሎሚ" እያሉ ራሳቸውን መፈተሽ ያዙ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ። አብሮን የመጣው የስፖርት መምህር ምን እንዳሳቀኝ ለማወቅ ቢጓጓ፣ ረጅም ነው፣ መኪና ውስጥ እነግርሃለሁ አልኩት። የሎሚው ነገር ከአያት ቅድመ አያት የመጣ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሆሳዕና ውስጥ፣ ከግቢያችን አጥር ጎን ካለች አንዲት ሱቅ ነው የወጣው። ለሕዝብ ያሰራጨሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስሜ ሐዳሳ ቢሆንም ቤት ውስጥ የሚጠሩኝ "ሬዲዮ" ብለው ነው። ወሬ አይቋጠርብኝም ነበር። እንግዳ ሲመጣ እናቴ አስቀድማ ወደ ጓሮ ትልከኛለች፤ አለበለዚያ ባለፈው ሳምንት ስለዚያ እንግዳ የተባለውን ሁሉ ፊቱ ላይ እዘረግፈዋለሁ። ተንኮል አልነበረብኝም። የሰማሁት ነገር ሆዴ ውስጥ ሲያድር ያመኝ ነበር፣ ሌላ አይደለም።

አባቴ ሽብሩ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርና የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። እናቴ አቢጋኤል ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ የአገሩን ደንብ ከሰው እየሰማች ነበር የምትማረው። ከእኛ ጋር የአባቴ ታናሽ እህት ጣቢታ ትኖር ነበር። እናታቸው የሞተችው ጣቢታ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አባቴ ያኔ የሃያ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጧት የተማረበት ቀን እንደነበር ሲነገር እሰማለሁ። ስለዚህ ለእሱ እህቱም ልጁም ነበረች። እኔ ጣቢዬ ነበር የምላት። በሃያ ሁለት ዓመቷ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር ነበር፤ በመዘምራኑ ውስጥ ደግሞ መሪ ድምፅ እሷ ነበረች። ጓሮ ልብስ እያሰጣች ስታንጎራጉር የጎረቤት ሰው ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል።

የመዘምራኑ አሠልጣኝ ሲላስ ይባላል። ሺንሺቾ የፊዚክስ መምህር ነው፤ በየቅዳሜው በአውቶቡስ እየመጣ ያሠለጥናቸው ነበር። ሲመጣ ለእኔ ሸንኮራ ይዞ ነው። በልምምዱ መሀል ጣቢዬ ለምን ዜማው ላይ እንደምትሳሳት፣ እሱም ለምን እሷን ብቻ ደጋግሞ እንደሚያርማት አይገባኝም ነበር። ሸንኮራ ለማቀበል ያን ያህል መንገድ የሚመጣልኝ ሰው በማግኘቴ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር።

አጥራችንን ተደግፋ ያለችው ሱቅ የእትዬ ሃቢባ ናት። ወላጆቿ ከጉራጌ መጥተው ሺንሺቾ ሲነግዱ እሷ እዚያ አደገች፤ ስታገባ ወደ ሆሳዕና መጣች። ከረሜላ ልገዛ የሄድኩ እንደሆነ ተረት ሳትመርቅልኝ አትሸኘኝም። በመጋቢት ወር አንድ ከሰዓት የሎምባን ታሪክ የነገረችኝ ባንኮኒው ላይ ክርኗን አስደግፋ ነው። ጣቢዬም እዚያው ነበረች፤ ጀርባዋን ሰጥታን የልብስ ሳሙና ትመርጥ ነበር። የሳሙናው ዓይነት ሁለት ብቻ ቢሆንም ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

በድሮ ጊዜ አንዲት ሙሽራ በበቅሎ ስትወሰድ ሚዜዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ አረፉ። ሙሽራዋ የምትሄድበትን ቤት አልወደደችውም። ሆዷ ቢባባ አንድ ዜማ አንጎራጎረች፤ ከገደሉ ማዶ አንድ ድምፅ ተቀበላት። ደግማ ብታንጎራጉር ደግሞ ተቀበላት። በሕይወቷ እንደዚያ አድርጎ የሰማት ሰው አልነበረምና ከበቅሎዋ ወርዳ ድምፁን ተከትላ ሄደች። ሚዜዎቹ ሲደርሱ ነጠላዋ ብቻ ውሃው ላይ ተዘርግቶ አገኙት። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ፏፏቴው ላይ የሚታየው ቀስተ ደመና የእሷ መቀነት ነው። እዚህ ድረስ ያለው የእውነትም የአገሩ ሰው ተረት ነው፤ ሺንሺቾ ውስጥ ማንንም ብትይዙ ይነግራችኋል።

እኔ ግን መቼ በዚህ እበቃለሁ፣ ከዚያስ አልኩ። እትዬ ሃቢባ ወደ ጣቢዬ ጀርባ አየት አደረገች። ከዚያማ ብቻዋን መዝፈን ሰለቻትና በየጊዜው ባለ ጥሩ ድምፅ ጓደኛ ትመርጣለች አለችኝ። ሰው እንዴት ያውቃል ብላት፣ ስሙን መጥራት ያቅታታል፣ ሎምባ ማለት ያቅታታል፣ ቀጥሎ ሎ የሚል ነገር ሁሉ፣ ዓመት ሳይሞላ ውሃው ይወስዳታል ብላ ከረሜላዬን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጣቢዬ ሳሙናዋን ይዛ ወጣች።

ለእኔ በማግስቱ ምሳ ላይ ነው የጀመረው። እናቴ ለሰላጣው የጎደለ ነገር አለ ወይ ስትል ጣቢዬ፣ "ያ ቢጫው ኮምጣጣ የለም" አለች።

እጄ ላይ የነበረው ጉርሻ እዚያው ቀረ። እናቴ ልብ አላለችውም፤ አባቴ ከአጠገቡ የተማሪ ፈተና ወረቀት አስቀምጦ እየበላ ያርማል። ያን ዕለት ማታ ገላዬን ስታጥበኝ፣ ከታጠብኩ በኋላ የምቀባው ምንድነው አልኳት። ቅባት አለችኝ። የምን ቅባት ብላት፣ ያ ነጩ፣ በፕላስቲክ ያለው አለች። ሎሽን አላለችም። ሁለት ቀን ቆይቼ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ወደሚጮኽ የሎተሪ አዟሪ ጣቴን ቀሰርኩና ይህ ሰውዬ ምን ይሸጣል አልኳት። ጣቢዬ ሰውየውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"ዕድል ነው የሚሸጠው" አለች።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። ስታቅፈኝ እጇ ይቀዘቅዝብኛል፤ ዛሬ ሳስበው ልብስ ስታጥብ ስለምትውል ነው። ስታንጎራጉር ከጓሮው ማዶ የሆነ ነገር የሚቀበላት ይመስለኛል፤ የሚቀበላት ሲላስ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአጥሩ በኩል ሲመጣ። የሚገርመው ይህን አንድ ወሬ ለማንም አለመናገሬ ነው። የተናገርኩት እንደሆነ እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሬዲዮ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋች።

በሚያዝያ አጋማሽ አንድ ምሽት፣ እራት ሳይቀርብ፣ አባቴና እናቴ ጓዳ ሆነው ሲነጋገሩ ሰማሁ። የሰማሁት ጫፉን ነው። አባቴ፣ እሷ ምንም አላለችም፣ ቅዳሜ መስጠቴ አይቀርም፣ ከዚህ በላይ ማቆየት ነውር ነው አለ። እናቴ፣ እንዲያው ልጅቷን ሳስባት ብላ ጀመረችና፣ ዝም በል ሬዲዮ ትሰማለች አለችው። የመጣው ቅዳሜ መዘምራኑ የመዝሙር ክሊፕ ለመቅረጽ ሎምባ ፏፏቴ የሚሄዱበት ቀን ነው። አባቴ፣ የገዛ አባቴ፣ ጣቢዬን ለውሃው ሊሰጣት ተስማምቷል።

እሱ ያወራ የነበረው ስለሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። ቦኖሻ ውስጥ በርበሬና በቆሎ የሚነግድ፣ የራሱ የጭነት መኪና ያለው፣ ጨዋ ሰው ጣቢታን ለማግባት ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ቀን አስቆርጦ ነበር። አባቴ እሺ ሊላቸው ነው። ለጣቢታ ሲነግራት ምንም አላለችም፤ ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰደው። ሃያ ዓመት ያሳደግኳትን ልጅ ፊት አላውቅም ወይ ይል ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ በተኮናተረ ቅጥቅጥ ከመናኸሪያው ተነሳን። እንድሄድ አልተፈቀደልኝም ነበር፤ ጣቢዬን ወገቧን ይዤ አልለቅም ብዬ ባለቅስ አባቴ ሰለቸውና ጫኗት አለ። የመናኸሪያው ደላሎች የመዘምራኑን መኪና የሕዝብ መስሏቸው "ዱራሜ፣ ዱራሜ" እያሉ አንዲት ዶሮ ያቀፉ እናት ጫኑብን። ሴትዮዋ ሦስት መዝሙር አብረውን ካጨበጨቡ በኋላ ነው ስህተቱን ያወቁት። አንጋጫ ላይ መርቀውን፣ ሳይከፍሉ ወረዱ። ሰው ሁሉ ይስቃል። ጣቢዬም ትስቃለች፤ እኔ ቀሚሷን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

ሎምባ ከሩቅ ነው የሚሰማው። መኪናው ከቆመበት እስከ አፋፉ ሩብ ሰዓት በእግር ይኬዳል፤ በመንገዱ መሀል መሬቱ በእግራችሁ ስር መንዘር ይጀምራል። ከዚያ ቅጠሉ ሁሉ ያለ ዝናብ ርሶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ድንገት ዛፉ ያልቅና ውሃው ፊታችሁ ላይ ነው፣ ነጭ፣ እንደ ትልቅ መጋረጃ የተለቀቀ። በፍርሃቴ ውስጥ ሆኜም ማማሩን አልካድኩም። የሚወስድ ነገር እንዲህ ማማሩ አናደደኝ።

አፋፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ሸንኮራ ከምረው ተቀምጠዋል። የመውረጃውን ደረጃ በዶማ የቆፈሩት እሳቸው ናቸው አሉ። ሲላስ ሮጦ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመና አባቴ ናቸው ብሎ አስተዋወቀን። ሁሉም ተራ በተራ ሲጨብጣቸው ጣቢዬ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስባ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ከሰው ኋላ ቀረች። ታማለች፣ ውሃው ጀምሯታል አልኩ በልቤ።

ክሊፑን የሚቀርጸው ዳኘ የሚባል የሆሳዕና ፎቶ ቤት ባለቤት ነው። መዘምራኑን ሰማያዊ ልብሳቸውን አልብሶ ድንጋዩ ላይ ደረደራቸው። ከዚያ አዲስ ሐሳብ መጣለት፦ መሪዋ ዘማሪት መጀመሪያ ቦታውን ታስተዋውቅ። ማይክሮፎኑን ለጣቢዬ ሰጥቷት፣ "ከሎምባ ፏፏቴ ሰላም ለእናንተ ይሁን" በይ፣ በቃ አላት።

ጣቢዬ ወደ ካሜራው አየች። "ከዚህ ከታላቁ ውሃ ሰላም ለእናንተ ይሁን" አለች።

ዳኘ አስቆማት። ስሙን ይዘሽ አላት። ለሁለተኛ ጊዜ፣ ከዚህ ውብ ስፍራ አለች። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ከሺንሺቾ በታች ካለው ፏፏቴ። ዳኘ የጄኔሬተሩ ቤንዚን እያለቀ ነው ብሎ መነጫነጭ ጀመረ። አባቴ ከካሜራው ኋላ ቆሞ፣ ጣቢታ ስሙን ብቻ ነው እኮ የተባልሽው አለ። አራተኛ። አምስተኛው ላይ ፊቷ ቀልቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ኋላዋ ጭጋጉ ነው፣ ከጭጋጉ ኋላ ገደሉ። ዛሬ ቦታውን አይቼዋለሁ፤ ገደሉ ከእሷ ቢያንስ ሃያ እርምጃ ይርቅ ነበር። ያኔ ግን ተረከዟ የተንጠለጠለ ነው የመሰለኝ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ወገቧ ላይ ተጠመጠምኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ።

"አባዬ፣ አትስጣት! ስሙን መጥራት አትችልም። ሎሚም አትልም፣ ሎሽንም አትልም፣ ሎተሪውንም ዕድል ነው ያለችው። ከመጋቢት ጀምሮ ነው። መርጧታል!"

መዘምራኑ ወደኔ አዩ፣ ከዚያ ወደ ጣቢዬ፣ ከዚያ ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር፣ ገመድ ሲጠቀልል ወደነበረው ሲላስ ዞሩ። ሲላስ ገመዱን ለቀቀው። አባቴ ቀስ ብሎ መጥቶ ፊቴ ተንበረከከ።

"ሎሚም?" አለኝ።

"ያ ቢጫው ኮምጣጣ ነው ያለችው።"

አባቴ ዓይኑን ከእኔ አንስቶ ሽማግሌውን አየ። የመዘምራኑን መዝገብ የሚይዘው እሱ ነውና የአሠልጣኙን ሙሉ ስም ያውቃል። ሲላስ ሎምቤቦ። ሎምቤቦ የሽማግሌው ስም ነው፤ እናታቸው ከፏፏቴው አጠገብ ስለወለደቻቸው ነው እንዲህ የተባሉት።

እኔ ያላወቅኩትን ግን እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። በእኛ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ማንኛውንም ቃል ከአፏ አታወጣም፣ ዙሪያውን ዞራ ሌላ ቃል ትፈልጋለች። ዓይናቸውንም አታይም። ከምባቶች ባሊሻ ይሉታል። በከተማ እየቀረ ነው፤ እናቴ ለምሳሌ የአባቴን አባት ስም እንደ ልቧ ነበር የምትጠራው። የአባቴ እናት ግን ከተዳረችበት እስከሞተችበት ቀን ለአማቷ ክብር ስንቱን ቃል ዞራ ኖረች። ላሟን በስሟ ጠርታ አታውቅም፣ "የምትታለበዋ" ነበር የምትላት። አባቴ በልጅነቱ የእሱ እናት የተለየ ቋንቋ ያላት ይመስለው ነበር።

ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። "እኔን ነው የሸሸችኝ?" አሉ። "ሦስት ወንድ ልጅ ድሬያለሁ። ሁለቱ ምራቶቼ ስሜን እንደ አውቶቡስ ረዳት ነው የሚጮኹት። ይህቺ ገና ደጄን ሳትረግጥ?" እንደ እውነቱ ሁለት ነበር የዳሩት፤ ሦስተኛውን እዚያው መቁጠራቸው ነው።

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ውሃው ሄደ። ጭጋጉ ውስጥ ቆሞ ትከሻው ሲርገፈገፍ አየሁት። አለቀሰ ብዬ እኔም አለቀስኩ። ሲመለስ ፊቱ ርሷል፣ ከውሃው ይሁን ከዓይኑ አይለይም፤ ግን ይስቅ ነበር። ጣቢዬን ትከሻዋን ያዛት።

"እናታችንን ሰማኋት" አላት። ቀጥሎ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ምላሷ ካገባ ቆይቷል። እኔ የምሰጠው የቀረውን ነው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሁሉ ነገር በላይ ክሊፑ ይናገራል። ዛሬም ስልክ ላይ ይገኛል። መዘምራኑ ሲዘምሩ የግማሾቹ ዓይን አብጧል፣ የግማሾቹ ጥርስ አልተከደነም። ጣቢዬ ዜማውን ከፍ ስታደርገው ከኋላ ቀስተ ደመናው ወጥቷል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ በግራ በኩል አንዲት ልጅ ሸንኮራ እየጋጠች ታልፋለች። መግቢያውን ያቀረቡት ደግሞ ሽማግሌው ናቸው፤ ዳኘ ተስፋ ቆርጦ ማይክሮፎኑን ሲሰጣቸው፣ "ከሎምባ ፏፏቴ፣ ሎምቤቦ ነኝ" ብለው ደረታቸውን ነፉ።

ሰኞ ዕለት አባቴ ራሱ ቦኖሻ ድረስ ሄዶ ነገሩን ለነጋዴው ነገረው። ሰውየው፣ ሎሚን ለኔ ስትል አልዞረችም፣ ምን አደርጋለሁ አለ ይባላል። ለሠርጉ የጭነት መኪናውን ከነሹፌሩ ላከልን፤ ግማሹ ዕድምተኛ ሺንሺቾ የሄደው በእሱ ነው። ሎምባ አጠገብ ስንደርስ የሙሽራ ዘፈኑን አቁመን በዝምታ አለፍን፤ ከተረቷ ሙሽራ የተነሳ የአገሩ ደንብ ነውና። እኔ ግን በመስኮት ብቅ ብዬ ምላሴን አወጣሁበት። ጣቢዬን በጩኸቴ ያስጣልኳት እኔ ነኝ ብዬ ለዓመታት ጉራዬን ነዝቻለሁ።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ የባሊሻን ነገር ተማርኩና ጉራዬ ወደ እፍረት ተለወጠ። ጣቢዬን አላዳንኳትም ለካ። ከሰው የደበቀችውን ምስጢር ሃምሳ ሰውና አንድ ካሜራ ፊት ነው ያወጣሁባት። ደግ ስለሆነች እንጂ ልትቀየመኝ ይገባት ነበር ብዬ፣ ባገኘኋት ቁጥር ነገሩን ሳላነሳ ስንት ዓመት ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት ልጆቹን አስጎብኝቼ ስመለስ ሺንሺቾ አደርን፤ ተማሪዎቼ እሷ ትምህርት ቤት፣ እኔ እሷ ቤት። የሦስት ልጆች እናትና ርዕሰ መምህርት ሆናለች። አማቷ ካረፉ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም ፏፏቴውን ዛሬም ታላቁ ውሃ ነው የምትለው። አስጎብኚው ያወራውን ስነግራት ሳቋ አላስቆም አላት።

"ሃቢባ ትስማ" አለች። "ያቺን ጫፍ እኮ እሷ ናት የቀጠለችልኝ።"

አልገባኝም። ጣቢዬ እጄን ያዘችኝ።

"ደንቡ ላገባች ሴት ነው። እኔ ያኔ ቀለበት እንኳ አልነበረኝም። ሎሚ ማለት ማን ከለከለኝ?"

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ሲላስ ሽማግሌ እንዲልኩለት አባቱን ሦስት ጊዜ ለምኗቸዋል፤ የሆሳዕና ሰው ልጁን ለእኔ ልጅ አይሰጥም፣ በስተርጅና አልዋረድም ብለው እምቢ አሉ። የቦኖሻው ሰው መምጫ እየተቃረበ ነው። ጭኑ ላይ ያሳደጋትን ወንድሟን ዓይኑን እያየች መርጫለሁ ማለት አቃታት። በመጨረሻ፣ እሱ ያደገው በእናታችን አፍ ነው፣ እናታችን ያደረገችውን ባደርግ ይሰማኛል ብላ ሎሚን መዞር ጀመረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፊቱ ዞረች። አባቴ የፈተና ወረቀቱን ያርማል።

"ከዚያ ሬዲዮ ያስፈልገኛል አልኩ" አለችኝ።

አሁን ሁሉም ትዝ አለኝ፦ ያ የሳሙና ምርጫ፣ ያ የእትዬ ሃቢባ አየት ማድረግ። ታዲያ ለምን በቀጥታ አልነገርሽኝም ብላት፣ በቀጥታ ብነግርሽማ ከእራት በፊት ከተማው ይሰማ ነበር፤ ተጨንቀሽ፣ ወደሽኝ እንድትናገሪው ነው የፈለግኩት አለችኝ። ብቻ አንቺ ደግሞ በዕድሜሽ ሙሉ ያልያዝሽውን አፍ ያን ጊዜ ያዝሽው፤ ስንት ቀን ስጠብቅሽ ብላ ጭኔን መታችኝ። የማይክሮፎኑን ነገር ግን ያሰበው ማንም አልነበረም። ዳኘ ሲሰጣት ልትሞት ደርሳ ነበር። እስከዚያ ድረስ የለበጣ ነበር፤ ሽማግሌው ከፊቷ ተቀምጠው እያዩዋት ግን ስማቸውን ለማለት አፏ እውነትም እምቢ አላት። አምስት ጊዜ ሞክራ አምስት ጊዜ እምቢ አላት።

ያን ሌሊት ከልጆቿ ጋር ተደርድሬ ስተኛ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አዳኝም ከዳተኛም አልነበርኩም። ታምኖብኝ የተላክሁ መልእክተኛ ነበርኩ፤ መልእክቱንም ዘግይቼም ቢሆን አድርሻለሁ።

በማግስቱ መኪና ውስጥ ታሪኩን ለስፖርት መምህሩ ነገርኩት። ሲስቅ ቆይቶ፣ የእኔ አባት ስም ቢሆንስ ስንት ቃል ታጪያለሽ አለኝ። ዱራሜ እስክንደርስ በልቤ ስቆጥር ቆየሁና፣ ብዙ ነው አልኩት።

ባለፈው እሁድ ሆሳዕና አባቴ ቤት ነበርኩ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያርመው ወረቀት የለውም፤ ሰው ሲናገር ይሰማል። ምሳ እንደበላን፣ ነገ ጠዋት ነው የምትመለሺው አለኝ።

"አዎ፣ በማለዳ" አልኩት።

መነጽሩን የት እንዳደረገው ፈለገ። እዚያ፣ ከምንበላበት ላይ ነው አልኩት። እጁን ወደ ጠረጴዛው ሰድዶ ቆም አለ። መነጽሩን አድርጎ በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

"ሰማዩ ጠቁሯል እንዴ?"

"ደመና ለብሷል።"

አባቴ ዞሮ አየኝ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውሃው ዳር ተንበርክኮ "ሎሚም?" ሲለኝ የነበረው ያ ፊት ነው። ከጓዳ የእናቴ የዕቃ ድምፅ ቆመ። እሷም ከዚያ ወዲህ የአገሩን ደንብ ተምራለች።

"ሐዳሳ" አለኝ፣ ሬዲዮ አላለኝም። "የልጁ አባት ስም ማን ይባላል?"

"አባዬ" አልኩት፣ "እኔ እንዴት ብዬ ልጥራቸው?"